በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው መንጋጋ

ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ሐኪም ነኝ» ማለት ይቀናኛል፤ ውሸት ነው። ሐኪም ሰው አፍ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ውጭ የምቀር ነኝ። ሐኪሙ የድዱን ልክ ወስዶ ይልክልኛል፤ እኔ በጀሶ ገልብጬ፣ በሰም ቀርጬ፣ ጥርሱን ደርድሬ እመልስለታለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ካርቱም ውስጥ ስንቱ በእኔ ጥርስ እንደበላ፣ እንደሳቀ፣ በሐሰት እንደማለ ፈጣሪ ያውቀዋል። የራሴንም ጥርስ የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ ለዚህ ነው የማይገጥመኝ። ስናገር ቀጭ ቀጭ ይላል። ደንበኞቼ ይህን እየሰሙ ወደ ሌላ ባለሙያ አለመሄዳቸው የሱዳንን ሕዝብ ትዕግሥት ያሳያል።

የሥራ ክፍሌ ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ሰፊ ግቢ በር ላይ ነበር። ግድግዳውን ሦስት ረድፍ መደርደሪያ ሞልቶታል፤ መደርደሪያውን ደግሞ መንጋጋ። ጥርሱ የተሰበረበት ሰው ሲመለስ ሥራውን እንደ አዲስ እንዳልጀምር የሁሉንም የጀሶ ቅጂ አስቀምጣለሁ። ስም አልጽፍባቸውም። በየግርጌያቸው በእርሳስ «ቀዩ ሾፌር»፣ «ሳቂዋ»፣ «ተከራካሪው» ብዬ ምልክት አደርጋለሁ። ከመካከላቸው ባለቤቶቻቸው የሞቱ ብዙ ናቸው። ሰውየው ተቀብሯል፤ አፉ እኔ ዘንድ ቀርቷል። በቀትር መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቆም፣ ሁሉም አንድ ነገር ሊሉኝ ጀምረው የተዉት ይመስላሉ። መንጋጋ ዓይን የለውም። ያያል ግን።

በዚያው ግቢ ከእኔ ክፍል ጀርባ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ የሚለየን፣ አንዲት የወሎ ሴት ከልጇ ጋር ተከራይታ ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል። በየማለዳው ድልድይ ተሻግራ ካፉሪ ትሄዳለች፤ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ስታጥብ፣ ስታበስል ውላ ሲመሽ ትመለሳለች። ልጅቷ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ እግሩ የተሰበረ ወንበር ነው፤ በዐረብኛ ደግፋ ታቆመዋለች። «እርስዎ» የምትባል ቃል ደግሞ አታውቅም። እኔን «ጂዱ» ትለኛለች፤ አያቴ ማለት ነው። ሽበቴን አይታ እንጂ ቁም ነገሬን አይታ አይደለም።

የልጅቷ የግራ መንጋጋ አብጦ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት እንደ ለውዝ ጀምሮ፣ እኔ ባየሁበት ጊዜ ብርቱካን አክሏል። በጠርሓዋ፣ በራስ መሸፈኛ ሻሿ፣ ሸፍናው ትሄዳለች። እናትየዋ ጥርስ ነው ብላ አስነቅላለች፤ ፈኪ፣ ቁርኣን ጽፎ የሚያክም ሼህ፣ ጋ ወስዳ የተጻፈውን በውኃ አሳጥባ አጠጥታለች። አንድ ቀን «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። የታች ጥርሶቿ ሰልፉ እንደተበተነ ወታደር ወዲያና ወዲህ ሸሽተዋል። ያን ዓይነት ነገር በሕይወቴ ሁለት ጊዜ አይቻለሁና ሳቄን ዋጥኩ። በማግስቱ ሥራ ወደሚልክልኝ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ወሰድኳት።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው፤ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር። እኔን «ያ ኡስታ» ይለኛል፤ ለመካኒክና ለግንበኛ የሚሰጥ ማዕረግ ነው። የራጅ ፎቶውን አይቶ እናትየዋን አስቀመጣት።

«ዕጢው ገዳይ አይመስለኝም» አላት። «ሆዳም ግን ነው። አጥንት ይበላል። ትንሽ ብናስቀርለት ከዚያው ይነሣል። ስለዚህ የግራውን መንጋጋ ግማሽ እናወጣለን፤ በቦታው ስስ ብረት እናስራለን። ቤተ ሙከራው ጠርዙ ንጹሕ ነው ካለን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ከእግሯ ቀጭኑን አጥንት ወስደን አዲስ መንጋጋ እንሠራላታለን።»

ሐኪሙ ስለፈጠነባት እኔ በአማርኛ ደገምኩላት። እናትየዋ የልጇን እግር አይታ፣ «በምኗ ልትራመድ ነው ታዲያ?» አለች።

«ወፍራሙ አለ። ቀጭኑን እግር አይፈልገውም» አለ ሐኪሙ።

ልጅቷ በጠርሓዋ ውስጥ ሆና ሳቀች። «ያኔ ስበላ በእግሬ ነው የምበላው? ወላሂ ከትምህርት ቤት ማንም እንደዚህ የለውም።»

ሐኪሙ ዞር ብሎ ሥራዬን ነገረኝ። ያን ጊዜ እዚያ ሆስፒታል መንጋጋን ከራጅ ፎቶ ላይ አትሞ የሚያወጣ መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ ጤነኛውን የቀኝ ጎን ከአፏ ልክ ወስጄ በጀሶ አወጣለሁ፤ የግራውን ግን ዕጢ ያጠፋው ስለሆነ፣ ቀኙን እንደ መስተዋት እያየሁ በሰም እቀርጸዋለሁ፣ ከዚያ በጀሶ እገለብጠዋለሁ። ሐኪሙ ብረቱን በዚያ ላይ አጥፎ ያስተካክላል፤ ኋላም የእግሯን አጥንት በዚያው ልክ ይቆርጣል። ሁለቱ ግማሾች በትናንሽ የብረት ካስማ ይጋጠማሉ፤ ሲፈለግ ይለያያሉ።

ሦስት ቀን ሠራሁት። ጉራ አይሁንብኝና እጄ በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ታዞልኝ አያውቅም። ያለችው ፎቶ አንዲት ብቻ ነበረች፤ በስምንት ዓመቷ የበዓል ልብስ ለብሳ የተነሣችው። ከእሷ አገጯን አገኘሁ። ጀሶው ደርቆ መደርደሪያው ላይ ሳስቀምጠው ልጅቷ በር ላይ ቆማለች። ገባች። የግራውን ጎን ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ በጣቷ ቀስ ብላ ሄደችበት።

«ጂዱ፣ ይቺ እኔ ነኝ?»

«ትሆኛለሽ።»

«መቼ?»

«ኢንሻላህ።»

«አንተ ክርስቲያን አይደለህ?»

«ለኢንሻላህ ሃይማኖት አይጠየቅም፤ ሥራ ያዘገየ ሁሉ ይላታል።»

የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በደህና አለፈ። ልጅቷ ፊቷ እንደ ሊጥ ተነፍቶ፣ በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶ ተኛች። ሐኪሙ የጀሶውን የቀኝ ግማሽ እሱ ዘንድ አስቀርቶ የግራውን ለእኔ መለሰልኝ፤ «ጠብቀው፤ ለሁለተኛው ያስፈልገኛል» አለኝ። በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ አልሰማሁም ብል ጥርሴ ይታዘበኛል።

እናትየዋ ግን ኮሪደር ላይ ይዛኝ የጠየቀችኝ ሌላ ነው። «አባባ፣ የተቆረጠው የታለ?»

በእነሱ አገር፣ በሱዳኖቹም ዘንድ፣ ከሰው አካል የተቆረጠ እንዲሁ አይጣልም። ይታጠባል፣ በነጭ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ይቀበራል። «ካልተቀበረ ባለቤቱን ይጣራል» አለችኝ። «ልጄ ዓይኗን ጨፍና የምትሰማው ያ ነው። ከአባቷ እግር ሥር ይቅበሩልኝ። እኔ ሴት ነኝ፤ መቃብር አልገባም። እርስዎ ያውቋቸዋል፤ ያምጡልኝ።»

ቤተ ሙከራ ሄድኩ። አጥንቱ በመድኃኒት ውኃ ውስጥ በብርጭቆ ዕቃ ተቀምጧል። ሰውየው በስስ በስሱ ቆርጠው እንደሚያዩት፣ ወራት እንደሚወስድ ነገረኝ። ለአንዲት እናት «ልጅሽን እንደ ቋንጣ እየዘለዘሏት ነው» ብዬ የምናገርበት አፍ አልነበረኝም፤ ያለኝ አፍም እንደምታውቁት የራሴ ሥራ ነው። «ቆይ ይሰጡናል» አልኳት። በማግስቱም ጠየቀችኝ። ልጅቷ ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ከገባች በኋላም ጠየቀችኝ። ዓረፋ በዓል አልፎ ነበርና ከካፉሪ እመቤቷ የሰጠቻትን የበግ ጭንቅላት ይዛ መጥታ፣ ማኘክ ለማትችለው ልጇ መረቅ እየቀቀለች፣ ከምድጃው ላይ ቀና ብላ ጠየቀችኝ። እሷ ራሷ እህል አልቀምስ ብላ ከስታለች።

ያኔ ነው ሰይጣን ወይም ብልጠት፣ ሁለቱን መለየት ሁልጊዜ ያስቸግረኛል፣ መደርደሪያውን ያሳየኝ። የግራ ግማሽ መንጋጋ። ልኩ ልክ ነው፣ ቅርጹ ቅርጽ ነው። እናት የልጇን አጥንት ከፍታ አታይም። ለሁለተኛው ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገኝን ደግሞ የመጀመሪያውን ጀሶ ካፈሰስኩበት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካኖርኩት የቅርጽ ማውጫ ሌላ እገለብጣለሁ አልኩ። ምናልባት ጨርቁ ቢንሸራተት ነጭነቱ እንዳያሳጣኝ በሻይ ነከርኩት። በሱዳን ሻይ፣ በቅርንፉድ። ሳደርቀው፣ ስጠቀልለው፣ እያፏጨሁ ነበር።

ጥቅሉን ያስረከብኳት ወደ ማታ ነው። ተቀብላ ግንባሯን አስነካችው፤ አለቀሰች። ፀሐይ ሲጠልቅ መቅበር ደግ አይደለም ብላ ከልጅቷ አልጋ ራስጌ ካለው ሳጥን ላይ አሳደረችው። በማግስቱ ጠዋት በአንድ አምጃድ፣ በዚያች ትንሽ ታክሲ፣ ወደ ቡሪ በኩል ወዳለው መቃብር ሄድን። ጥቅሉን እሷ ታቅፋዋለች። ከሰጠኋት ረዘም ያለ መሰለኝ፤ ሌላ ጨርቅ ደርባበት ይሆናል አልኩ። ከታክሲው ስንወርድ አንድ ውሻ ተከተለን። ባባርረውም አልሄድ አለ።

እሷ በሩ ላይ ቀረች። የመቃብር ጠባቂው፣ አንድ ዓይኑ ሞራ ያለበት ሽማግሌ፣ ከባሏ እግር ሥር አንድ ክንድ ቆፈረልኝ። «የማን ነው?» አለኝ። «የልጁ አጥንት» አልኩት። ፋቲሓውን ቀራ። እኔም እንዲሁ መቆም ስላሳፈረኝ በሆዴ አባታችን ሆይ ደገምኩ፤ ለጀሶ። ውሻው ከግንቡ ላይ ሆኖ ያየናል።

እናትየዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል ቀመሰች። እኔም በራሴ ብልጠት ወራት ኮራሁ።

ልጅቷ ግን ዝም አለች። ሐኪሙ መናገር ትችላለች ይላል፤ አትናገርም። አፏ ወደ ግራ ይንሸራተታል፣ ምራቅ ይቀድማታል፣ ቃሉ ተጨማዶ ይወጣል፤ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሳቁባትና ኻላስ፣ አበቃ። ከእናቷ ጋር በደብተር ትጻጻፋለች። ለእኔ እጇን ታነሣልኛለች፤ ታልፋለች። እናትየዋ ካፉሪ፣ ግቢው ባዶ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያስጮኸው፣ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መስማት የጀመርኩት ያኔ ነው። ዝግ ያለ ወሬ። አንድ ነገር ይባላል፤ ከዚያ ዝምታ፣ መልስ እንደሚጠበቅ ዓይነት፤ ከዚያ እንደገና። ቃሉን መለየት አልችልም። ልጅቷ ብቻዋን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ማንም ሲገባ አላየሁም። አንድ ቀን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ ወሬው ቆመ። በእኔም በኩል የመደርደሪያው መንጋጋ ሁሉ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። ካልተቀበረ ይጣራል ያለችው ትዝ አለኝ። ደግሞስ ያልሆነው ነገር ከተቀበረ?

በአራተኛው ወር ሐኪሙ ደወለ። «ያላ ያ ኡስታ፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው። አጥንት ከደም ሥሩ ጋር የሚያዛውሩት ሐኪሞች ከውጭ መጥተዋል፤ ያሉት እስከ ሰኞ ነው። ቅዳሜ እንሠራታለን። የግራውን ግማሽ ሐሙስ አምጣልኝ።»

«ሐድር» አልኩ፤ እሺ ማለት ነው። ስልኩን ዘግቼ የቅርጽ ማውጫውን ከማቀዝቀዣው አወጣሁ። ማውጫው ከባሕር ሣር የሚሠራ፣ እንደ ጄሊ ያለ ነገር ነው፤ ርጥበቱ ከሄደ ይኮማተራል። በእነዚያ ወራት መብራት ስንት ጊዜ እንደጠፋ የካርቱም ሰው ይንገራችሁ። በውስጡ ያለው የልጅቷ መንጋጋ እንደ ዘቢብ ተጨማዶ የአሮጊት ሆኖ ጠበቀኝ።

ሌላ ልቅረጽ አልኩ። የመጀመሪያውን ጨርሼ ሳየው አገጩ የእኔ ነው፤ ያ ወደፊት የወጣ ግትር አገጭ። ሳቅሁና ሰሙን አቀለጥኩት። ሁለተኛውን በጥንቃቄ ቀረጽኩ። ሲያልቅ የት እንደማውቀው ግራ ገባኝ። መደርደሪያውን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ከላይኛው ረድፍ አገኘሁት፤ «ሳቂዋ»። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። እጄ ሳላዝዘው ከሞቱት ይቀዳል። ሦስተኛውን አልጀመርኩም። ብጀምርስ ብረቱ የታጠፈው በዚያኛው ላይ ነው፤ ሌላው አይገጥመውም። ልጅቷ ቅዳሜ ያለ ልክ ከገባች የሚሠራላት መንጋጋ የማን እንደሚሆን አላውቅም። ሰኞ ካለፈ ደግሞ ሐኪሞቹ የሉም፤ እሷም እንዳለች፣ ግማሽ ፊቷ ብረት ሆኖ ትቀራለች።

ረቡዕ ቀትር ላይ የጀሶ ማማሰያ ቢላዬን ኪሴ ከትቼ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ታክሲው ሳይደርስ ሃቡብ ተነሣ። የካርቱምን የአቧራ ማዕበል ያላየ ሰው ግንብ ሲራመድ አላየም። ቀዩ ግንብ መጣ፣ በላያችን አለፈ፣ ቀኑ ጠቆረ። በዚያ ሰዓት የሕያዋንም የሙታንም ዓይን የተከደነ ነው ብዬ ገባሁ። መንገዱን በእጄ እየዳሰስኩ የአባትየውን ድንጋይ አገኘሁ። ተንበርክኬ መቆፈር ጀመርኩ። ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው ኦርቶዶክስ፣ በእስላም መቃብር፣ በጨለመ ቀትር፣ በጥርስ ቤት ቢላ አጥንት ይቆፍራል። እናቴ ይህን ባታይ ይሻላል አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ከሞቱት መካከል መሆኗ ትዝ አለኝ፤ ታይ ይሆናል።

ጨርቁ እጄ ገባ። አፈር በልቶታል። ፈታሁት።

ጥርስ ነበረው። ረጃጅም ጥርስ፤ ቢጫ፣ ጎን ለጎን የተደረደረ፣ እንደ መጋዝ ሸካራ። እኔ የቀበርኩት የልጅ መንጋጋ ነበር። መሬት ውስጥ አድጓል። አጥንቱ ረዝሞ፣ ጥርሱ ረዝሞ፣ አራት ወር ሙሉ ሲያኝክ የቆየ ይመስላል። ስንት የልብ ምት እንደቆየሁ አላውቅም፤ አርባ ዓመት መንጋጋ የሠራሁ ሰው መንጋጋ ማየት ረሳሁ። አፌ ተከፈተ። የላይ ጥርሴ ወልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

እሱን ለማንሣት እጄን ስሰድ ነው አእምሮዬ የተመለሰው። በፊት ጥርሱና በኋላ ጥርሶቹ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ሰው እንደዚያ የለውም። የበግ ነው።

«አንተ ምንድን ነህ?» የሚል ድምፅ ከአቧራው ውስጥ መጣ። ማን ነህ አላለም። ጠባቂው ነው፤ ጥምጥሙን አፉ ላይ አስሮ፣ ዱላውን ይዞ። በአንድ እጄ የበግ መንጋጋ፣ በሌላው የራሴን ጥርስ ይዣለሁ። ከራስ እስከ እግሬ ቀይ አፈር ነኝ።

«ጥርስ ሠሪ ነኝ» አልኩ፤ ያለ ጥርስ።

ቢስሚላህ አለ። ጠጋ ብሎ በደህናዪቱ ዓይኑ አየ። «ይሄ የበግ ነው።»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ፋቲሓ የቀራሁት ለበግ ነው?»

«እኔም አባታችን ሆይ ደግሜለታለሁ። የተቀደሰ በግ ነው።»

አልሳቀም። ጉድጓዱን በእግሩ ሞላ። «ስማ፣ ሰውዬ። ስትሞት ወደዚህ እንዳያመጡህ።»

«ክርስቲያን ነኝ፤ አያመጡኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና እስከ በሩ ሸኘኝ።

ግቢ ስደርስ አቧራው ሰክኗል። እናትየዋ አልመጣችም። ከግድግዳው ወዲያ ያ ወሬ ይሰማል። በዚህ ጊዜ በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። ልጅቷ አልጋው ላይ ተቀምጣ በጠርሓዋ የሸፈነችውን ነገር ትይዛለች። የበጉን መንጋጋ ፊቷ አኖርኩት። አየችው፤ እኔን አየችኝ። ጠርሓዋን ገለጠች። የእኔ ጀሶ ነው፤ በሻይ የነከርኩት።

ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችኝ ያኔ ነው። ቃሎቹ ተጨማደው፣ በምራቅ መካከል፣ እያረፈች ነው የወጡት።

«እናቴ ስትሰግድ ፈታሁት» አለች። «ሹፍ ጂዱ፣ እይ፣ ሻይ ሻይ ይሸታል። ያን ጊዜ አወቅሁህ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እናቴ መብላት ትፈልግ ነበር። በጉ ከድስት ወጥቶ ነበር። የእሱን መንጋጋ ጠቀለልኩ።» ምራቋን ጠረገች። «አንተ ትሆኛለሽ አልክ። ገና ሳልሆን ለምን ትቀብረኛለህ?»

ጥርሴን ኪሴ ውስጥ ዳሰስኩ፤ ገና አላጠብኩትም።

«ቀን ቀን ይቺን ነው የምታወሪያት?»

«ሰ ሸ ዘ እላለሁ። እኔ ሳበላሸው እሷ አትስቅም።»

ማታ እናትየዋ ከካፉሪ ስትመለስ ነገርኳት። ልጅቷ «ንገራት» ብላ በር ላይ ቆማብኝ ነበርና ማምለጫ አልነበረኝም። ጀሶውን፣ ሻዩን፣ ቤተ ሙከራውን፣ ጉድጓዱን፣ ሁሉንም። ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «ዓርብ ዓርብ ዱዓ ሳደርግ የነበረው ለእመቤቴ በግ ነው?» አለች። አዎ አልኩ። በሩን ዘጋችው፤ ቀስ ብላ። በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ጀሶውን ለሐኪሙ አደረስኩ። አገላብጦ ከቀኙ ጋር ገጠመው፤ ካስማዎቹ ቦታቸውን አገኙ። ከዚያ አውራ ጣቱን በአገጩ ላይ አሳለፈ። «ቫርኒሽ ቀባኸው እንዴ? ያብለጨልጫል።»

«ጣት ነው» አልኩት።

ቅዳሜ ከማለዳ እስከ ማታ ሠሯት። ከኮሪደሩ ወንበር በአንደኛው ጫፍ እናትየዋ፣ በሌላኛው እኔ። ከረቡዕ ጀምሮ አንድ ቃል አልሰጠችኝም። ነርሷ መጥታ ስትጠራት ተነሣች፤ ልጅቷ ስትገባ ያወለቀችውን ጫማ በእጇ ይዛለች። ትንሽ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ጫማውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝና ገባች። እንደ መንጋጋ በሁለት እጄ ያዝኩት። ስትወጣ «ቀይ ነው፤ ይሞቃል» አለችኝ። አዲሱ አጥንት ደም አግኝቷል ማለቷ ነው።

ከቤተ ሙከራው የተረፈውን አጥንት ኋላ ላይ በትንሽ ዕቃ ሰጡን። በዚህ ጊዜ ጨርቁን እናትየዋ ራሷ በሩ ላይ ፈትታ አየች፤ ጠባቂውም አየ። ሁለቱም ወደ እኔ ሳያዩ ተነጋግረው ተስማሙ፤ ከአባትየው እግር ሥር ተቀበረ። በአንድ ዓመቱ በአዲሱ መንጋጋ ላይ የሚቀመጠውን ጥርስ እኔ ሠራሁላት። የእኔ ሥራ ሆኖ ይገጥማታል፤ እኔም ይገርመኛል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሁላችንም በየፊናችን ወጣን። እነሱ ገዳሪፍ ገቡ። ልጅቷ ልብሷን ጥላ ያን ጀሶ ይዛ እንደወጣች እናቷ ነግራኛለች፤ ከሐኪሙ ለምና ወስዳው ነበር። እኔ በቅርቡ ጀብራ ተመልሻለሁ። ዘራፊዎች ክፍሌን ከፍተው በሩን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ማራገቢያውን፣ ከግድግዳው ውስጥ ሽቦውን ሳይቀር ነቅለው ወስደዋል። መደርደሪያውን ግን ማንም አልነካውም። ገብተው አይተው፣ መንጋጋዎቹም አይተዋቸው፣ ወጥተዋል። አቧራ ለብሰው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ካስቀመጥኳቸው ቦታ አሉ። በጉም ከ«ሳቂዋ» ጎን አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የት እንደማኖረው ቸግሮኝ እዚያ ነው ያስቀመጥኩት።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ደወለችልኝ። በስልክ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ጥርስ መሰለኝና አፌን ዘጋሁ። ድምፁ አልቆመም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተሳሊ እየበላሁ።» የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ ነው፤ ሱዳን ቁጭ ብሎ ሲያወራ የሚፈለቅቀው።

«በቀኝ ብቻ ነው ብዬሻለሁ።»

ሌላ ፍሬ ፈለቀቀች። ቀጭ።

«ይቺ የግራ ናት» አለችኝ። «በጌ ደህና ነው?»